ለትንሽ ወንዝ የምትሆን አጭር ፍላይ ሮድ፦ ከደቻቱ አሸዋ እስከ ዳንካ

ድሬዳዋ፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሜ ፍላይ ሮድ፣ ማለትም በላባ ዝንብ ዓሣ የሚጠመድበትን ዘንግ፣ ስወረውር ያየኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «አቦ፣ እዚህ ምን ልትይዝ ነው?» መልሴም አንድ ነው። «ጎማ።» እውነቴን ነው። ስድስት ሜትር ርቄ የባጃጅ ጎማ አስተኛለሁ። ክሩ ጫፍ ላይ በመንጠቆ ፈንታ ቀይ የሱፍ ቁራጭ አስራለሁ። ከዚያ ሱፉን ጎማው መሃል ለማሳረፍ እለፋለሁ።

ሥራዬ የተቃጠለ የማራገቢያ ሞተር ጠቅልሎ መመለስ ነው። ከዚራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ድሬ ላይ ማራገቢያ የማይቃጠልበት ሰሞን የለምና ሥራ አላጣም። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ፣ ሱቁን ዘግቼ ባሌ ሮቤ ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ። መንገዴን ዲንሾ ላይ አቆምና ሁለት ሦስት ቀን ትራውት የሚባለውን ዓሣ አጠምዳለሁ።

ትራውት እኛ ጋ አይኖርም። ቀዝቃዛና ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ይፈልጋል። ውኃው ከ20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ ስትቀቀል ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆና ጠዋት ጠዋት ውርጭ ትለብሳለች። የባሌ ትራውትም ቢሆን መጤ ነው። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዛሬ ግን ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተዋልዶ ቤቱ አድርጎታል።

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ሰው «ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ነገር ደጋግሜ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው። የድሬ ልጅ ነኝና «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቱታ እኛ ሰፈር ብዙም አይበቅልም።

መጀመሪያ የተሸወድኩበትን ልንገርህ። ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ «ምን ላምጣልህ?» ሲለኝ «አጭር፣ አልትራላይት፣ ማለትም እጅግ ቀላል የሆነ የዓሣ ዘንግ» አልኩት። አመጣልኝ። አጭር ነው፣ ቀላል ነው፣ ያምራልም። ግን ፍላይ ሮድ አይደለም። ስፒኒንግ የሚባለው ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «አልትራላይት» የሚለው ቃል ለሁለቱም ይሠራል። እንዲያውም ሱቅ ገብተህ በዚህ ስም ብትጠይቅ ቀድሞ የሚመጣልህ ስፒኒንጉ ነው።

በዓይን መለየቱ ቀላል ነው። ፍላይ ሮድ ላይ ሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር፣ የሚታሰረው ዘንጉ ቂጥ ላይ ነው። እጅህ ከሪሉ በላይ ቡሹን፣ ማለትም የቡሽ መያዣውን፣ ይይዛል። ስፒኒንጉ ላይ ሪሉ መያዣው መሃል ይገባና ጣቶችህ እግሩን አቅፈው ይይዙታል። ቀለበቶቹንም እይ። የስፒኒንጉ ከታች ሰፋፊ ሆነው ወደ ጫፍ ይጠባሉ። የፍላይ ሮድ አብዛኞቹ ቀለበቶች ደግሞ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ ናቸው።

ዋናው ልዩነት ግን አሠራሩ ላይ ነው። ስፒኒንግ ስትወረውር ክብደቱ ክሩ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ነው። ብረቱ ይበራል፣ ክሩ ይከተለዋል። ፍላይ ላይ መንጠቆው ላይ የታሰረችው የላባ ዝንብ ክብደት አላት አይባልም። የምትወረውረው ክሩን ራሱን ነው። ክሩ ወፍራም ነው፣ ክብደት አለው፣ ዘንጉን የሚያጥፈውም እሱ ነው። ስለዚህ ዘንግ ከመምረጥህ በፊት ክር ምረጥ። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት ዘንግ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

የፍላይ ክር በቁጥር ይሸጣል። ቁጥሩን የሚወስነው የመጀመሪያው 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር፣ ስንት ይመዝናል የሚለው ነው። 2 ቁጥር 5.2 ግራም ያህል ነው። 3 ቁጥር 6.5፣ 4 ቁጥር 7.8፣ 5 ቁጥር 9.1 ግራም። ዘንጉ ላይም ከቡሹ በላይ በትንንሽ ፊደል ያው ቁጥር ይጻፋል። ትርጉሙ «ይህ ዘንግ ከዚህ ክር ጋር ይስማማል» ነው። ሰው «ቀላል ዘንግ» ሲል የዘንጉ ግራም ይመስለዋል። ቀላል የሚባለው በክሩ ቁጥር ነው። ለትንሽ ወንዝ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ነው የምናወራው።

አንድ ቀን ነገሩ ከነከነኝና የ3 ቁጥር ክሬን ይዤ ወርቅ ቤት ያለ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። «ይመዘንልኝ» አልኩት። «ስንት ካራት ነው?» አለኝ። ሳቀብኝ፣ ግን መዘነልኝ። ዘጠኝ ሜትሩን ሚዛኑ ሳህን ላይ ጠቀለልንና ቀሪውን እኔ በእጄ ያዝኩ። ስድስት ግራም ተኩል ገደማ። ሳጥኑ አልዋሸም። ከዚያ ከጫፉ ሦስት ሜትር ተኩሉን ብቻ አስቀመጥን። ሁለት ግራም አካባቢ። ክሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ከምታስበው ያነሰ ነው። ጓደኛዬ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን ቀለበት አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ይህን ያህል ነው» አለኝ። ቀለበቱን ጨበጥኩት። ምንም አይሰማም።

ይህን ሁለት ግራም ለምን አነሳሁት? ትንሽ ወንዝ ላይ ሩቅ አትወረውርም። ዳንካን ብዙ ቦታ በጥቂት እርምጃ ትሻገረዋለህ። ዓሣው ያለው ከፊትህ አምስት ስድስት ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሜትሩ ሊደር ነው። ሊደር የሚባለው ክሩና ዝንቧ መሃል ያለው የማይታይ ናይሎን ነው። ስለዚህ ከዘንጉ ጫፍ የወጣው ወፍራም ክር ሦስት ወይ አራት ሜትር ብቻ ነው። ዘንጉ ግን ዘጠኝ ሜትር ክር እንዲያጥፈው ታስቦ የተሠራ ነው። ደረቅ ዘንግ በሁለት ግራም አይታጠፍም። ካልታጠፈ ደግሞ አይወረውርም። በእጅህ ጉልበት ትታገላለህ፣ ክሩ እግርህ ሥር ይወድቃል። ሱቅ ውስጥ «ፈጣን» እየተባለ የሚሞካሸው ዘንግ ለሩቅ ውርወራና ለሰፊ ውኃ ጥሩ ነው። ለኛ ወንዝ ግን መጥረጊያ እንጨት ይዞ እንደመወርወር ነው።

ስለዚህ የምትፈልገው በትንሽ ክብደት ሳይግደረደር የሚታጠፍ ዘንግ ነው። እዚህ ላይ ፋይበርግላስ የሚባለው ያሸንፋል። በግራም ከካርቦን ትንሽ ይከብዳል። ካርቦን ከመጣ ወዲህም ብዙ ሰው የድሮ ዕቃ ብሎ ንቆታል። አጭር ሲሆን ግን ክብደቱ አይታወቅም፣ መታጠፉ ደግሞ ትርፍ ነው። ቶሎ አይሰበርምም። ካርቦን ከመረጥክ «መካከለኛ» ወይም «ዘገምተኛ» የሚባለውን ጠይቅ። የቀርከሃ ዘንግም አለ። በእጅ ተሰንጥቆና ተጣብቆ የሚሠራ፣ የሚያምር ነገር ነው። ዋጋውን ስትሰማ ግን ሻይህን ታስቀምጣለህ። ለመጀመሪያ ዘንግ አልመክርህም።

ሻጭ የሚነግርህን ከማመን በፊት የምትሠራው ፈተና አለ። እኔ በሮንዴላ እሠራዋለሁ። ዘንጉን ገጣጥመህ ቡሹን ጠረጴዛ ላይ በአግድም አጥብቀህ ያዝ። ጫፉ ላይ ቀለል ያለች ፌስታል አንጠልጥል። ሮንዴላ አንድ አንድ እያልክ ጨምር። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ ያህል ዝቅ ሲል አቁምና ተመልከት። የታጠፈው ጫፉ ብቻ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ተወው። መታጠፉ እስከ መሃል ከወረደ ያንን ነው የምንፈልገው። እስከ ቡሹ ከደረሰ ደግሞ በጣም ለስላሳ ነው፣ ለለመደ እጅ ይሆናል። ሮንዴላዎቹን ቁጠርና ሁለት ዘንግ አወዳድር። የኔ ካርቦን ዘንግ የፈለገው ሮንዴላ ፋይበርግላሱ ከፈለገው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሁለቱም ላይ ግን «3» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርገው ዘንጉን እንደ አለንጋ ማወዛወዝ ግን ምንም አይነግርህም። ያለ ክር የተወዛወዘ ዘንግ ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

አሁን ወደ ርዝመት። የተለመደው ፍላይ ሮድ 9 ጫማ ነው፣ 2.74 ሜትር። አጭር የሚባሉት ከ6 እስከ 7 ጫማ ተኩል ናቸው፣ ከ1.83 እስከ 2.29 ሜትር። አጭር ለምን? ፍላይ ስትወረውር ክሩ መጀመሪያ ወደ ኋላህ ይሄዳል። ከኋላህና ከላይህ ቅርንጫፍ ካለ ዝንብህ እዚያው ትቀራለች። ዲንሾ አጠገብ ኮሶና ጥድ ባለበት ስታጠምድ ይህን ትማራለህ። እኔ አንድ ጠዋት አራት ዝንብ ለኮሶ ዛፍ ገብሬያለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ 6 ጫማ ተኩል ወይም 7 ጫማ ዘንግ ከቅርንጫፉ ሥር ታሾልካለች። ጨርሶ መወርወሪያ ቦታ ከሌለ ደግሞ ዝንቧን በመንጠቆው ጎባጣ በኩል በሁለት ጣት ያዝ። ዘንጉን እንደ ቀስት ወጥረህ ልቀቃት። ለስላሳ አጭር ዘንግ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ግን አጭር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ይህን የምልህ ዋጋ ከፍዬበት ነው። ስፒኒንጉን ለእህቴ ልጅ ከሰጠሁ በኋላ «እንግዲያው የመጨረሻውን አጭርና ቀላል» ብዬ 6 ጫማ፣ 1 ቁጥር አስመጣሁ። ዳንካ ላይ ዛፍ ሥር ልዩ ነበረች። በማግስቱ ወደ ዌብ ሜዳ ወጣሁ። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ሣርና አስታ ብቻ። አራት ሰዓት ሲሆን ነፋስ ተነሳ። 1 ቁጥር ክር ነፋስ ላይ የሸረሪት ድር ነው። ወደ ፊት ስወረውር ወደ ጆሮዬ ይመለሳል። ሌላም ችግር አለ። ገላጣ ቦታ ላይ ዓሣው ስለሚያይህ ከዳር ራቅ ብለህ መቆም አለብህ። በአጭር ዘንግ ደግሞ ክሩን ከሣሩና መሃል ካለው ፈጣን ጅረት በላይ አንሥተህ መያዝ አትችልም። ጅረቱ ክሩን ይጎትተዋል፣ ክሩ ዝንቧን ይጎትታል። ትራውትም እየተጎተተች የምትሄድ ዝንብ አይቶ አያውቅምና ንቆ ያሳልፋታል። ያን ቀን እረኛ ልጆች ተሰብስበው ሲያዩኝ ውለው አንድ ዓሣ አላሳየኋቸውም።

ስለዚህ አንድ ዘንግ ብቻ ልትገዛ ከሆነ፣ ለባሌ ወንዞች የኔ ምርጫ 7 ጫማ ወይም 7 ጫማ ተኩል፣ 3 ቁጥር፣ ፋይበርግላስ፣ አራት ቁራጭ ነው። ነፋስ የሚያናድድህ ዓይነት ሰው ከሆንክ 4 ቁጥር ግዛ፣ ማንም አይስቅብህም። 1 እና 2 ቁጥር ለሁለተኛ ዘንግ ይቆዩ። አንዳንዱ በቀላል ዘንግ ዓሣውን ማድከም ጀግንነት ይመስለዋል። ረጅም ትግል ዓሣውን ይገድለዋል፣ በተለይ መልሰህ ልትለቀው ካሰብክ። ቶሎ አውጣው። ስትይዘው እጅህን አርጥብ። የመንጠቆውን ጥርስም አስቀድመህ በፒንሳ ጨፍልቀው፣ መንቀሉ ይቀልልሃል።

አራት ቁራጭ ያልኩት ለመንገዱ ነው። 7 ጫማ ዘንግ ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ወደ 55 ሳንቲም ይሆናል። ከድሬ ተነሥተህ በአዋሽ፣ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ አድርገህ ዲንሾ እስክትደርስ መኪና ትቀያይራለህ። ሁለት ቁራጭ ዘንግ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ሥር መሄዱ ነው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ጋ ሄጄ የፒቪሲ ቱቦ አስቆረጥኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ ክዳን አስገጠምኩለት። ጉልበቴ ላይ ይዤው እሄዳለሁ። ፍተሻ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» መባልህ አይቀርም። ክዳኑን በጭቅጭቅ ሳይሆን በፈገግታ ክፈተው።

ያገለገለ ዘንግ ካገኘህ አትናቅ፣ ግን ዓይንህን ክፈት። ገጣጥመህ በአንድ ዓይን እንደ ቱንቢ እየው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መጋጠሚያዎቹን ይዘህ ወዝውዝ። ቀጭ ቀጭ ካለ አንድ ቀን ከዚያው ይሰበራል። ትንሽ ከላላ ብቻ የሚገባውን ጫፍ በሻማ አሸት አድርገው፣ ይይዛል። ከዚያ ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ አሳልፍ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ወይም ተፍቋል ማለት ነው፣ ክርህን እየላጠ ይጨርሰዋል። ከሁሉ በፊት የሚበላው የጫፉ ቀለበት ነው። ቀለበት መቀየር አያስፈራህ። የኔን ጫፍ የሚኒባስ በር ቆርጦት ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። አዲስ ጫፍ አጣብቄ፣ ሥሩን በሐር ክር እንደ ሞተር ጥቅል አስጠግቼ ጠቀለልኩት፣ ሱቅ ባለኝ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሦስት ዓመት ሆነው።

ስለ ሪል ብዙ አልልም። እዚህ ወንዝ ላይ ሪል የክር ማስቀመጫ ነው። ትንሽና ቀላል ይሁን፣ ክሩ በራሱ እንዳይፈታ ብቻ ይያዝ። ለተራቀቀ ፍሬን ገንዘብ አታውጣ።

ክሩ ላይ ግን አትሰስት። ሳጥኑ ላይ «ዲቲ 3 ኤፍ» የሚል ፈልግ። «ኤፍ» የሚንሳፈፍ ማለት ነው። «ዲቲ» ማለት ሁለቱም ጫፍ እኩል የቀጠነ ማለት ነው። አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ገልብጠህ በሌላው ትቀጥላለህ። የዕቃ ሱቁ ባሕር ማዶ ለሆነብን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሊደሩ ከዘንጉ ብዙ አይርዘም፣ 7 ጫማ ተኩል ይበቃል። የጫፉ ውፍረት በ«ኤክስ» ይለካል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። 4ኤክስ 0.18 ሚሊሜትር፣ 5ኤክስ 0.15 ሚሊሜትር ነው። የመዳብ ሽቦ በምለካበት ማይክሮሜትር ለክቼዋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ይበቁሃል። ዝንቦቹም ከ12 እስከ 16 ቁጥር፣ እዚህም ቁጥሩ ሲተልቅ መንጠቆው ያንሳል። ብረት የተጨመረባቸውን ከባድ ዝንቦች ግን ለ3 ቁጥር አታሸክመው።

ለድሬ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክርና ሊደር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጥ። ሙቀቱ ክሩን ያጣብቀዋል፣ ፀሐይ ደግሞ ናይሎኑን ታደክመዋለች። አንድ ጊዜ ድሬ ላይ የከረመ ሊደር ይዤ ሄጄ የመጀመሪያው ዓሣ እንደ ሸረሪት ክር በጥሶት ሄዷል። አሁን ልብስ ሣጥን ውስጥ፣ የክረምት ሹራብ መሃል ነው የማኖረው። ሹራቡ እዚህ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከመሄድህ በፊት ተለማመድ። አሸዋ ክር ስለሚፍቅ እኔ ለደቻቱ ያረጀ ክር ለይቻለሁ፣ የሚያርፍበትም ቦታ ሸራ አነጥፋለሁ። ሣር ያለበት ሜዳ ካገኘህ ይሻላል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ሥራ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ታባርርሃለች። ደንገጎ ተራራ በኩል ደመና ከጠቆረ ደግሞ አሸዋው ላይ አትውረድ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ስትወረውር ክንድህን አታንሣ፣ ክርንህ ከጎንህ ይጠጋ። ወደ ኋላ ስትወረውር ክሩ እስኪዘረጋ አንድ ትንፋሽ ጠብቅ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ለስላሳ ዘንግ ችኩል አይወድም። ከፋን ጥገና ጋር የተላመደ እጄ ይህን ለመቀበል ወራት ፈጅቶበታል።

የሰፈር ልጆች ይቆጥሩልኛል። ከአሥር ሰባቱ ጎማው ውስጥ ሲያርፍ «ገባ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እኔም የአውቶቡስ ትኬቴን እቆርጣለሁ። አንተም እዚያ ቁጥር ላይ ስትደርስ ሂድ። ዲንሾ እንደደረስክ መጀመሪያ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ግባና የማጥመጃ ፈቃድህን ያዝ፣ ጃኬትም እንዳትረሳ።